የወፍ ምግብና የኑግ ገበሬ

(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ ለአባላትና ለተጋባዥ እንግዶች የቀረበ ንግግር)

ስለ ወፍ ምግብ በገበሬ ፊት መናገር ድፍረት የሚጠይቅ ጉዳይ ነው። ገበሬ ወፍን በአብዛኛው የሚያውቀው በሌብነቱ ነው። ማሽላው እሸት ሲይዝ ማማ ይሠራል፣ ወንጭፍ ይገመዳል፣ ጅራፍ ይጮኻል፣ ልጆች ከትምህርት ገበታቸው ቀርተው ከንጋት እስከ ምሽት ወፍ ሲያባርሩ ይውላሉ። ግሪሳ የሚባለው ቀይ መንቁር ያለው ትንሽ ወፍ በቀን 10 ግራም ያህል እህል እንደሚያጠፋ ይገመታል። አሥር ግራም ከእፍኝ ያነሰ ነገር ነው። ይሁን እንጂ ግሪሳ ብቻውን አይመጣም። አንድ ሚሊዮን ሆኖ ያረፈ መንጋ በቀን 100 ኩንታል ያወርዳል ማለት ነው። ይህን ያየ ገበሬ «ለወፍ የሚስማማ ምግብ እንዴት ይመረጣል?» ተብሎ ቢጠየቅ ቢስቅ አይፈረድበትም።

ነገር ግን ወፍን ከማባረር ይልቅ በገንዘቡ እህል ገዝቶ ወደ ደጁ የሚጠራ ሕዝብም አለ። በአሜሪካ በ2016 (እ.ኤ.አ.) በተደረገ ብሔራዊ ጥናት በቤታቸው አካባቢ የዱር ወፎችን የሚመግቡ ሰዎች ቁጥር ከ50 ሚሊዮን በላይ ነበር። በብሪታንያና በሌሎች የአውሮፓ አገሮችም ልማዱ የቆየ ነው። በክረምታቸው በረዶ መሬቱን ሲሸፍነውና ወፏ የምትለቅመው ሲጠፋ ሰዎች በመስኮታቸው ፊት ለፊት መመገቢያ ይሰቅላሉ። አረጋውያን፣ ሕፃናት፣ ከቤት መውጣት የማይችሉ ሕመምተኞች ወፎቹን እያዩ ይውላሉ። ለዚህ የሚሆነው እህል በሱቅ የሚሸጥ ሸቀጥ ነው። ከሚሸጡት እህሎች መካከል ደግሞ ዋጋው ከፍ ካሉት አንዱ፣ ጥቁርና ቀጭን፣ የሚያብረቀርቅ ፍሬ ነው። ያ ፍሬ ኑግ ነው።

የጎጃም፣ የወለጋ፣ የሸዋና የጎንደር ገበሬ ኑግን ለዘይት፣ ለጭብጦና ለልትልት፣ ፋጉሎውን ለከብት ያውቀዋል። ተቆልቶና ተወቅጦ በጾም ቀን የሚሰጠውን ጉልበትም ያውቃል። ከኑግ ጋር የተገኘች ሰሊጥ አብራ ትወቀጣለች የሚለው ተረት ከአውድማ የመጣ ነው። ኑጉ ተጭኖ ባሕር ከተሻገረ በኋላ ግን አብዛኛውን ጊዜ ዘይት መሆኑ ይቀርና የወፍ ቀለብ ይሆናል። ይህ በማኅበራቱ ዘንድ በሚገባ አይታወቅም። የሚያውቁትም ቢሆኑ «ለወፍ ከሆነማ» እያሉ ነገሩን ያቃልሉታል፤ አፈርና ገለባ ያለበትን፣ መጭ የተቀላቀለበትን ይዘው ይመጣሉ። የዛሬው ንግግር ዋና ዓላማም ይህ አስተሳሰብ ማኅበራቱን ምን ያህል እንደሚያስከፍላቸው ማሳየት ነው። የወፍ ምግብ ሦስት ጊዜ ይመረጣል። መጀመሪያ ወፏ ትመርጣለች፤ ቀጥሎ ገዢው ይመርጣል፤ በመጨረሻም በወደብ ላይ የቆመው ተቆጣጣሪ ይመርጣል። ሦስቱም አይራሩም።

መንቁሩን ማየት

ለአንድ ወፍ ምን እንደሚስማማ ለማወቅ ትልቅ መጽሐፍ አያስፈልግም። መንቁሩን ማየት ብዙ ይነግራል። ረዥምና ቀጭን፣ ጫፉ የጎበጠ መንቁር ያላት አበባ ቀሳሚዋ ወፍ የአበባ ማር ትቀስማለች። እህል ቢሰጧት አታየውም። አፉ ሰፊና አጭር የሆነው ወንጪፍት በአየር ላይ ነፍሳት ይለቅማል። ጭልፊት የተቆለመመ መንቁር ያለው ሥጋ ስለሚቦጭቅ ነው። ዋኖስና እርግብ ፍሬውን ሳይፈለፍሉ እንዳለ ይውጡታል፤ ውስጥ ያለው ጡንቻማ ጨጓራቸው ከዋጡት ጠጠር ጋር ሆኖ ይፈጨዋል። አጭር፣ ወፍራምና እንደ ጉጠት የሆነ መንቁር ያላቸው ደግሞ ፍሬውን በአፋቸው ጠርዝ ይዘው ልጡን ይፈለፍላሉ፤ ልጡን ጥለው ውስጡን ይበላሉ። ካናሪ የተባለችው የቤት ወፍ፣ በአሜሪካና በአውሮፓ ጎልድፊንች የሚባሉት፣ ሲስኪን የሚባለውም ከዚህ ወገን ናቸው።

ከዚህ ወገን የሆነ ዘመድ በኢትዮጵያ ደጋም አለ። ወንዱ ጥቁር ራስና ቢጫ ሰውነት ያለው፣ በደጋው ሜዳና በእርሻ ዳር በመንጋ የሚታየው ትንሽ ወፍ በሳይንስ አጠራሩ «የኢትዮጵያ ሲስኪን» ይባላል። ሚኒሶታ ውስጥ በመስኮት ላይ ኑግ የሚለቅመው ወፍና በደጋው ማሳ ዳር ዘር የሚለቅመው ወፍ የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። ኑጉም ወፉም ከዚህ አገር ጋር ዝምድና እንዳላቸው ማወቁ ደስ ይላል።

ሁለተኛው መለኪያ የወፉ ክብደትና የአየሩ ሁኔታ ነው። የአሜሪካው ጎልድፊንች ክብደት ከ11 እስከ 20 ግራም ነው። ይህን የምታህል ፍጡር ረዥሙን የበረዶ ሌሊት ሳትሞት ለማደር ቀን የበላችውን ስብ አቃጥላ መሞቅ አለባት። ስለዚህ ትንሽ ቦታ የሚይዝ፣ ብዙ ኃይል የሚሰጥ ምግብ ትፈልጋለች። ስንዴና በቆሎ ይህን አይችሉም፤ በቆሎ ደግሞ ለእንዲህ ያለ አፍ ድንጋይ ነው። የቅባት እህል ይሻላታል። የፈረንጅ ሱፍ በቅባት የታወቀ ቢሆንም ልጡ ለትንሿ መንቁር ይከብዳል። ኑግ ግን አንድ ሺህ ፍሬ ተቆጥሮ ከ3 እስከ 5 ግራም ብቻ ይመዝናል፤ ልጡ ስስ ነው፤ ከክብደቱ ከ30 እስከ 40 በመቶ የሚሆነው ዘይት ነው። ጎልድፊንች ለጫጩቶቿ ሳይቀር ነፍሳትን ትታ ዘር የምትመግብ ወፍ ስለሆነች ኑግን ማግኘቷ እንደ ትልቅ ድግስ ነው። ወንዱ በበጋቸው ቢጫ ላባ ሲያወጣ የመስከረም መጨረሻን የኑግ ማሳ ይመስላል።

ኑግ ቀጭን በመሆኑ ከተራ መመገቢያ ይፈሳል። በመሆኑም የወፍ ዕቃ ሠሪዎች ለኑግ ብቻ የሚሆን፣ እንደ ስንጥቅ የጠበበ ቀዳዳ ያለው ቱቦ ሠርተዋል። ቀዳዳው ትልልቅና ጉልበተኛ ወፎችን ይከለክላል፤ ትንንሾቹ ብቻ ይደርሱበታል። ለአንድ እህል ተብሎ ዕቃ ከተሠራለት ያ እህል በገበያው የራሱ ቦታ አለው ማለት ነው።

ስለ ስሙ አንድ ነገር ማንሳት ያስፈልጋል፤ ንግድ ነውና። በአሜሪካ ሱቆች ኑግ ለረዥም ጊዜ «የኮሸሽላ ዘር» እየተባለ ተሸጧል። ኮሸሽላ አይደለም፤ ጎልድፊንች በተፈጥሮዋ የኮሸሽላ ዘር ስለምትወድ ነጋዴው የሰጠው ስም ነው። በኋላም በ1998 (እ.ኤ.አ.) የዚያ አገር የወፍ መኖ ነጋዴዎች ማኅበር «ናይጀር» የሚል የንግድ ስም አስመዘገበ። የሳይንስ ስሙ የመጀመሪያ ክፍል ጊዞ ከተባለ ፈረንሳዊ የታሪክ ጸሐፊና ፖለቲከኛ የተወሰደ ነው፤ ሁለተኛው ክፍል «አቢሲኒካ» ይላል። ትውልዱ ኢትዮጵያ መሆኑን የሚመሰክረው ይህ ሁለተኛው ቃል ብቻ ነው፤ እሱንም በሱቅ ከረጢት ላይ የሚጽፈው ጥቂት ነው። በአሜሪካ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ኑግን ፈልገው በወፍ መኖ መደርደሪያ ላይ ያገኙታል። እዚህ ላይ ለዘመዶቻችሁ መንገር የሚገባችሁ ነገር አለ። ለወፍ ተብሎ የተሸጠ ኑግ ለሰው ምግብነት የተዘጋጀና የተመረመረ ስላልሆነ ለልትልት መግዛት የለባቸውም።

ያረጀ ኑግን ወፍ አይቀምስም

ገዢዎች በብዛት የሚያሰሙት ቅሬታ «ኑግ ገዝቼ ሰቀልኩ፣ አንድም ወፍ አልመጣም» የሚል ነው። ወፎቹ በአካባቢው ጠፍተው አይደለም። ኑጉ አርጅቷል። ኑግ በዘይቱ ይወደዳል፤ ዘይቱ ሲደርቅና ሲሻግት ደግሞ ይተዋል። ወፏ ሁለት ሦስት ፍሬ ትሰብርና ትሄዳለች። አብረዋት ያሉትም ተከትለዋት ይሄዳሉ። በዝናብ የራሰና በመመገቢያው ውስጥ የተጋገረ ኑግ ሻጋታ ያወጣል፤ ይህ ደግሞ መተው ብቻ ሳይሆን በሽታ ነው። በብሪታንያ ከ2005 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ግሪንፊንች የሚባለው አረንጓዴ ወፍ በጉሮሮ በሽታ በብዛት አልቋል። ጥገኛ ተሕዋሱ በምራቅና በረከሰ ምግብና ውኃ ከወፍ ወደ ወፍ ይተላለፋል። ከዚያ ወዲህ ወፍ መጋቢዎች መመገቢያውን በየጊዜው እንዲያጥቡ፣ በትንሽ በትንሹ እንዲሞሉና ቦታውን እንዲቀያይሩ ይመከራሉ።

ይህ ለኢትዮጵያ ገበሬ ምኑ ነው? ብዙ ነገሩ ነው። ኑግ የሚታጨደው ከኅዳር እስከ ታኅሣሥ ነው። ተወቅቶ፣ ተሰብስቦ፣ ተበጥሮ፣ ተጭኖ እስኪደርስ የዚያ አገር ክረምት እየተገባደደ ነው። አብዛኛው የሚሸጠው ለቀጣዩ ክረምት ነው ማለት ይቻላል። ስለዚህ ኑጉ መርከብ ላይ ከመውጣቱ በፊት በገበሬው ጎተራና በማኅበሩ መጋዘን ያሳለፈው እያንዳንዱ ወር ከዕድሜው የተቀነሰ ነው። ዋጋ ይጨምራል ብሎ ኑግን ለሁለት ዓመት የሚያስቀምጥ ሰው አለ። ጤፍ እንደዚያ ይቀመጣል። ኑግ አይቀመጥም። የአምናና የዘንድሮ ኑግ በአንድ ጆንያ መቀላቀል ደግሞ ከሁሉ የከፋ ነው፤ የአምናው የዘንድሮውን ስም ያጠፋል።

በወደብ ላይ ያለው ወንፊት

ሦስተኛው መራጭ መንግሥት ነው። በኑግ ማሳ ውስጥ ቢጫ ክር የመሰለ፣ ቅጠል የሌለው፣ ከበቀለ በኋላ ሥሩን ከመሬት ነቅሎ በሰብሉ ግንድ ላይ የሚጠመጠም ጥገኛ አረም ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ባለሙያዎች ኩስኩታ ይሉታል። የኑጉን ግንድ መጥቶ ይጠባል፤ የተጠመጠመበት ኑግ ይቀጭጫል፣ ፍሬውም ይመነምናል። ዘሩ ደቃቅ ነው፤ በአፈር ውስጥ ከአሥር ዓመት በላይ ሳይሞት ይቆያል። አሜሪካ ይህን አረም በአደገኛነት ከመዘገበቻቸው መካከል ስላስቀመጠችው ከኢትዮጵያም ሆነ ከሕንድ የሚገባ ኑግ ሁሉ በሙቀት እንዲታከም ታስገድዳለች። በ120 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለ15 ደቂቃ ይሞቃል። ዓላማው ዘሩ እንዳይበቅል ማድረግ ነው፤ ወፏ በጓሮ የምታፈሰው ኑግ የአረም መዝሪያ እንዳይሆን። ኑጉ ይታከማል፣ ወፏም ትበላዋለች፤ ወጪው ግን ከዋጋው ላይ ይነሳል።

እዚህ ላይ ሊነሳ የሚችል ጥያቄ አለ። «ለማንኛውም በሙቀት የሚታከም ከሆነ ገበሬው ለምን ያበጥራል?» የሚል። ሙቀት የአረም ዘርን ይገድላል እንጂ ከኑጉ ውስጥ አያወጣውም። አፈርን፣ ጠጠርን፣ ገለባን፣ የመጭን ፍሬም አያወጣም። ገዢው በኪሎ ሲገዛ ለአፈር አይከፍልም፤ አፈር ያገኘ ቀን ለቀጣዩ ዓመት ሌላ አገር ይሄዳል። የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ በ2011 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው ደንብ አምብሮዥያ የተባለ፣ አበባው በብዙ ሰዎች ላይ የአስምና የአፍንጫ አለርጂ የሚያስነሳ አረም ዘር በአንድ ኪሎ የወፍ እህል ውስጥ ከ50 ሚሊ ግራም እንዳይበልጥ ወስኗል። 50 ሚሊ ግራም ማለት ከአንድ ኪሎ ውስጥ ከሃያ ሺህ እጅ አንድ እጅ ነው። ይህን ያህል ጠባብ ወንፊት የሚያልፍ እህል ከአውድማ ላይ በሰፌድ ብቻ አይገኝም፤ ከማሳው ይጀምራል።

ከማሳው ሲጀመር ምን ይደረጋል? መልሱ አዲስ ነገር አይደለም። ኩስኩታ ካለበት ማሳ ለዘር የሚሆን ኑግ አለመውሰድ ዋናው ነው። አረሙ ከቦታ ቦታ የሚጓዘው በአብዛኛው ገበሬው በራሱ እጅ በሚዘራው ዘር ነው። ክሩ በአንድ ሥፍራ ሲታይ አበባ ሳያወጣ ከነተጠመጠመበት ኑግ ታጭዶ መቃጠል አለበት። «ጥቂት ናት» ብሎ ማለፍ ለአሥር ዓመት ዕዳ መግባት ነው። ኩስኩታ ጤፍን፣ ስንዴንና ገብስን ስለማያጠቃ ማሳውን በእነዚህ ማፈራረቅ ይጠቅማል። መጭ ደግሞ ሌላ ችግር ነው። የኑግ የቅርብ ዘመድ፣ እንዲያውም ኑግ በጥንት ዘመን የተገኘው ከእሱ ነው ተብሎ የሚታመን በመሆኑ በቅጠሉም በአበባውም ይመስለዋል። ገበሬ ግን ይለየዋል፤ በአረም ጊዜ ጊዜ ሰጥቶ መንቀል ነው የጎደለው። ኑግ ተበትኖ ተዘርቶ ይተዋል እንጂ እንደ ጤፍ አይታረምም። ሁልጊዜ የመጨረሻው ማሳ፣ የውኃ መያዣው ኮትቻ የሚሰጠው ለእሱ ነው። ኑግ ይችለዋል፤ ስለቻለ ግን ተንቋል።

ንብን ሳያነሱ ስለ ኑግ መናገር ጎደሎ ነው። ኑግ የራሱን አበባ በራሱ ዱቄት አያፀንስም፤ ከሌላ ተክል የሚያመጣለት ነፍሳት ይፈልጋል። ያን የምትሠራው በዋናነት ንብ ናት። በአበባ ጊዜ በማሳው ወይም በአጠገቡ ፀረ ተባይ የሚረጭ ሰው የራሱን ኑግ ባዶ ያስቀራል፤ የጎረቤቱን ቀፎም ያስከፋል። መርጨት ግድ ከሆነ ንብ ወደ ቀፎዋ ከገባች በኋላ፣ በምሽት መሆን አለበት።

አጨዳው ሲዘገይ ፍሬው ይረግፋል። ጭንቅላቱ ከቢጫ ወደ ቡናማ ሲዞር፣ ጠዋት ጤዛው ሳይለቅ ቢታጨድ የሚረግፈው ይቀንሳል። አውድማው በእበት የተለቀለቀ ብቻ ሳይሆን ሸራ የተነጠፈበት ቢሆን አፈሩ ይቀራል። የሸራው ዋጋ በአንድ ዓመት ይመለሳል። ጆንያው ንጹሕ መሆን አለበት። ማዳበሪያ የነበረበት፣ የነቀዝ ክኒን ወይም ዱቄት የተቀመጠበት ከረጢት ለኑግ አይሆንም። ዘይት ያለው እህል ሽታ ይስባል፤ ከኬሮሲን ጋር አንድ ሌሊት ያደረ ኑግ ኬሮሲን ይሸታል። በመጋዘን ደግሞ ከመሬት ከፍ ብሎ በእንጨት ርብራብ ላይ፣ ከግድግዳ ራቅ ብሎ፣ የገባበት ቀን ተጽፎበት ይቀመጥ። ቀድሞ የገባው ቀድሞ ይውጣ።

ጎጆ ውስጥ ስላሉ ወፎች

በቤት ውስጥ በሽቦ ጎጆ የሚቀመጡ ወፎችም የኑግ ደንበኞች ናቸው። ለካናሪ ከሚቀላቀለው እህል ውስጥ ኑግ፣ ጎመን ዘርና ተልባ በትንሽ በትንሹ ይገባሉ፤ አብዛኛው ግን ቅባቱ አነስተኛ የሆነ የሣር ዘር ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። በጎጆ ያለች ወፍ በረዶ ውስጥ አታድርም፣ ሩቅ አትበርም። የዱሯን ወፍ የሚያድናት ቅባት የጎጆዋን ወፍ አወፍሮ ጉበቷን ያበላሻል። በቀቀንም በዘር ብቻ ከተመገበ ቫይታሚን ኤ እና ካልሲየም ይጎድለዋል። ቅጠላ ቅጠል፣ ካሮትና የመሳሰለው ሊታከልለት ይገባል። በከተማ ካናሪ ወይም በቀቀን የያዙ ቤተሰቦች አሉና አንድ ማስጠንቀቂያ ይሰማ፤ አቮካዶ ለእነዚህ ወፎች መርዝ ነው። ፍሬውም ቅጠሉም። ለሰው ልጅ የሚስማማ ሁሉ ለወፍ አይስማማም፤ ጨው የበዛበት ትርፍራፊም እንዲሁ።

ለወፍ መሸጥ ወይስ ዘይት መጭመቅ?

ይህ በየስብሰባው የሚነሳ ጥያቄ ነው። ተገቢም ነው። የምግብ ዘይቱን አብዛኛውን ከውጭ የሚገዛ አገር የቅባት እህሉን ለባዕድ ወፍ ሊሸጥ ይገባል ወይ? በስሜት መልስ ከመስጠት በሒሳብ ማየቱ ይሻላል። አንድ ኩንታል ኑግ በአገር ውስጥ መጭመቂያ ሲጨመቅ ከሲሶ የማይበልጥ ዘይት ይሰጣል፤ የቀረው ከጥቂት ብክነት በስተቀር ፋጉሎ ነው። ኩንታሉ በፍሬው ሲሸጥ ዘይቱ ብቻ ሳይሆን ፋጉሎውም አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ ገዢው ያቀረበው ዋጋ ከዘይቱ ዋጋ ጋር ብቻ መወዳደር የለበትም። የዘይቱ ዋጋ፣ ሲደመር የፋጉሎው ዋጋ፣ ሲቀነስ የመጭመቂያው ወጪ፤ የወፍ እህል ገዢው ከዚህ በላይ ከከፈለ ይሸጥለት፤ ካልከፈለ ይጨመቅ። ብዙ ማኅበራት ፋጉሎውን ረስተው ሒሳቡን ይዘጋሉ። ከዚያ ግንቦት ላይ ሣር ሲጠፋ ያንኑ ፋጉሎ ከነጋዴ በውድ ይገዛሉ።

ይህ ማለት ሁሉም ኑግ አንድ መንገድ ይሂድ ማለት አይደለም። ንጹሕ፣ የዘንድሮ፣ ሙሉ ፍሬ የሆነው ለወፍ እህል ገበያ ይለይ። ከወንፊት የወረደው፣ መጭ ያለበት፣ የደቀቀው ወደ መጭመቂያ ይሂድ። አሁን የሚደረገው ሁሉንም ቀላቅሎ በመካከለኛ ዋጋ መሸጥ ነው፤ በዚህ አሠራር ጥንቃቄ ያደረገው ገበሬ ላላደረገው ይከፍልለታል። በማኅበሩ በር ላይ ሚዛን እንዳለ ሁሉ ወንፊትም ቢኖር፣ ከእያንዳንዱ ጆንያ ናሙና ተወስዶ ቢነፋና ክፍያው በውጤቱ ቢለያይ ይህ ይቀራል። አባሉ እያየ፣ በአባሉ ፊት መሆን ይኖርበታል። ጓዳ ውስጥ የተነፋ ናሙና ጠብ ያመጣል።

ለቤት ዶሮ የሚቀረው

ፋጉሎው እዚህ ከቀረ የቤት ዶሮም ድርሻ ይኖራታል። የአገር ውስጥ ዶሮ ጭራ ነው የምታድረው፤ በዓመት ከ40 እስከ 60 እንቁላል ትጥላለች ቢባል የተጋነነ አይደለም። ስትጭር የምታገኘው በአብዛኛው ኃይል ሰጪ ነው፤ የሚጎድላት ገንቢው ምግብ ነው። የኑግ ፋጉሎ ከሩብ በላይ ገንቢ ንጥረ ነገር ስላለው ይህን ይሞላል። ይሁንና ልጡ አብሮት ስለሚወቀጥ ገለባ ይበዛበታል፤ ደግሞም ላይሲን የተባለው ንጥረ ነገር ያንሰዋል። ለብቻው ሳይሆን ከበቆሎና ከፉርሽካ ጋር፣ ከተገኘም ከተቆላ አኩሪ አተር ጋር መሰጠት ይኖርበታል። እንቁላል ጣይ ዶሮ ከመኖዋ ከ3.5 እስከ 4 በመቶ የሚሆን ካልሲየም ትፈልጋለች፤ የተፈጨ የኖራ ድንጋይ ወይም ታጥቦ፣ ተቆልቶና ተወቅጦ የእንቁላል ቅርፊት ይሰጣታል። ያንኑ የጣይ ዶሮ መኖ ለጫጩት መስጠት ግን ኩላሊቷን ይጎዳል። «መኖ መኖ ነው» የሚባል ነገር የለም።

በየቤቱ የሚደረግ አንድ ስህተት አለ። የሻገተ በቆሎ ወይም የሻገተ ፋጉሎ ለሰው ወይም ለላም ሲከለከል «ለዶሮ ይሁን» ይባላል። በሻጋታ የሚመጣው አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ዶሮን በተለይም ጫጩትን ጉበቷን ይመታል፤ እንቁላል ይቀንሳል፤ ከፊሉም በጉበቷና በእንቁላሏ በኩል ወደ ቤተሰቡ ማዕድ ይመለሳል። ማጠብም ሆነ መቁላት አያጠፋውም። የሻገተ ይቀበራል።

በቀለም የተነከረውም ዘር እንዲሁ ነው። ማኅበራቱ የሚያከፋፍሉት የተሻሻለ የበቆሎ ዘር ቀይ ወይም ሮዝ የሆነው ለማማር አይደለም፤ የተቀባው ፀረ ፈንገስ ወይም ፀረ ነፍሳት መሆኑን እንዲያስታውቅ ነው። ከዚህ ዓይነት መድኃኒቶች አንዱ የሆነው ታይራም ዶሮን እግር ያሰብራል፤ ቅርፊት የሌለው ለስላሳ እንቁላል ያስጥላል። ገበሬው «ጫጩት ፈንግል ያዛት» እያለ መድኃኒት ሲፈልግ ችግሩ ከጎተራው ጥግ ካለው ትርፍ ዘር ሊሆን ይችላል። ዘሩን አጥቦ ለዶሮ መስጠት አይቻልም፤ ታጥቦም አይለቅም። በማሳ ላይ ያልተሸፈነ ዘርም ዋኖስ፣ ቆቅና ጅግራ ይለቅሙታል። በሞቱበት ያገኘ ጭልፊት ይበላቸዋል፤ ውሻም ይበላቸዋል፤ ልጆችም ጠብሰው ሊበሉ ይችላሉ። ስለዚህ በሚዘራበት ጊዜ በቦዩ ዳርና በማሳው ማዞሪያ ላይ የፈሰሰው በአፈር ይሸፈን። ከዘራችሁ የተረፈው በዋናው ከረጢቱ ታስሮ፣ ከእህል ጎተራና ከልጆች ተለይቶ ይቀመጥ፤ ለመጪው ዓመት የማይሆን ከሆነም ለልማት ጣቢያ ሠራተኛው ይነገርና እሱ በሚያሳየው ሥፍራ ይወገድ። ባዶ ከረጢቱ ለኑግም ለጤፍም አይታጠብ።